ሐዲስ ዓለማየሁ፦ ከሹመት በኋላ የተኖረ ረጅም ዘመን

እንጅባራ፦ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ረጅም ዘመን ያገለገለ ሰው ጡረታ ከወጣ በኋላ የምትመጣውን የመጀመሪያዋን ሰኞ አይረሳትም። እንደ ልማዱ ማልዶ ይነሣል፤ ፊቱን ይታጠባል፤ ልብሱን ይለብሳል። ከዚያ በኋላ ግን የሚሄድበት የለም። የሚፈርምበት የሰዓት መዝገብ፣ የሚመራው ደብዳቤ፣ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ባለጉዳይ የለም። ትናንት ብድግ ብሎ ይቀበለው የነበረው ሰው ዛሬ ራሱን ነቅንቆ ብቻ ያልፈዋል። በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ከተማ ረፋድ ላይ ደጅ ወጥተው የሚቀመጡ፣ መንገደኛውን እየቃኙ ምሳ ሰዓት እስኪደርስ የሚጠብቁ የቀድሞ መምህራንን፣ የግብርና ባለሙያዎችን፣ የጤናና የፍርድ ቤት ሠራተኞችን ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

የአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ መደበኛ የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። ስድሳ ዓመት የሞላው ሰው ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሊኖር ይችላል። ያን ዘመን በምን ይሞላዋል? የወር አበሉን ባንክ ይከፍለዋል፤ ቀኑን ግን የሚሞላለት መሥሪያ ቤት የለም። ይህን ጥያቄ ይዞ ወደ ኋላ ለሚመለከት ሰው ከጎጃም ምድር የወጣ አንድ ታላቅ ሰው ያገኛል። ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። እርሳቸውን ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ሆኖም በሕይወታቸው ውስጥ ከመጽሐፉ ዝና ጀርባ የተጋረደ አንድ ቁም ነገር አለ። ሐዲስ ከጣሊያን ምርኮ ተመልሰው መንግሥትን ያገለገሉት ሠላሳ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ከሹመት ከወረዱ በኋላ የኖሩት ደግሞ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ያህል ነው። ሁለቱ ዘመናት ሊተካከሉ ጥቂት ብቻ ቀርቷቸዋል።

የካህኑ ልጅ

ሐዲስ የተወለዱት በ1900ዎቹ መጀመሪያ በደብረ ማርቆስ አካባቢ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በሚባል ስፍራ ነው። አባታቸው ዓለማየሁ ሰሎሞን ካህን ነበሩ፤ እናታቸው ደስታ ዓለሙ ይባላሉ። እንደ ዘመኑ የካህናት ልጆች ፊደል የቆጠሩት በቤተ ክርስቲያን ነው። ከዚያም የአብነት ትምህርት ፍለጋ ከደብር ወደ ደብር ተንከራተዋል። ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ የትምህርታቸው ማዕድ የነበሩ ስፍራዎች ናቸው። የቆሎ ተማሪ ኑሮ ምን እንደሚመስል፣ የገጠሩ ሰው ለተማሪ እንዴት እንደሚራራና ውሻው እንዴት እንደሚያባርር በቃል ሳይሆን በእግራቸው ተማሩት። ያ መንከራተት ኋላ ላይ የድርሰታቸው ዋና ጎተራ ሆነ።

ወጣት ሲሆኑ ወደ አዲስ አበባ አቀኑ። በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ዘመናዊውን ትምህርት ገበዩ። የቅኔውን ልጅ የፈረንጅ ትምህርት አላስረሳውም፤ ሁለቱን አንድ ላይ ያዘ። ገና በወጣትነታቸው ለመድረክ የሚሆን ተውኔት ጽፈዋል። ወደ ትውልድ አገራቸው ተመልሰውም በመምህርነት አገልግለዋል። መጻፍ ለሐዲስ ከሥራ በኋላ የተገኘ ጊዜ ማሳለፊያ ሳይሆን ከሥራ በፊት የነበረ ጠባይ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ጦርነትና ግዞት

ጎጃምን ያስተዳድሩ የነበሩት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ ሽሬ ግንባር ሲዘምቱ ሐዲስም አብረው ዘመቱ። በሽሬና በተከዜ ሸለቆ የሆነውን ሁሉ በዓይናቸው አዩ። ሰሜኑ ግንባር ከተፈታ በኋላም አልተበተኑም። ከራስ እምሩ ጋር ወደ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወርደው በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አካባቢ እስኪማረኩ ድረስ ቆዩ።

ምርኮኛው ወጣት ወደ ጣሊያን ተጋዘ። መጀመሪያ በፖንዛ፣ ኋላም በሊፓሪ ደሴት ታሰሩ። ግዞቱ ሰባት ዓመት ያህል ፈጀ። አንድ ሰው በጉልበቱ ዘመን፣ ሥራ በሚሠራበትና ትዳር በሚመሠርትበት ዕድሜ፣ ባሕር በከበባት ደሴት ላይ ዓመት ሲቆጥር መኖሩ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም። የሚያዝዙት ሥራ የለም፤ የሚሄዱበት መንገድ የለም፤ ያለው ጊዜ ብቻ ነው። ሐዲስ ባዶ ጊዜ ምን እንደሆነ ያወቁት በስተርጅና ሳይሆን በወጣትነታቸው ነበር ማለት ይቻላል። የተባበሩት ኃይሎች ጣሊያንን ሲገፉ በ1935 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ ነፃ ወጡ፤ አገራቸውም ተመለሱ።

ከኢየሩሳሌም እስከ ለንደን

ከጠላት የተላቀቀችው ኢትዮጵያ የተማረ ሰው በብርቱ ትሻ ነበር። ሐዲስ በውጭ ጉዳይ ሥራ ተሰማሩ። በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያ ቆንስል ሆኑ። ቀጥሎ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በዋሽንግተንና በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አገራቸውን ወከሉ። ወደ አገር ቤት ሲመለሱ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከፍተኛ ኃላፊነት ተሰጣቸው። የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። በብሪታንያ አምባሳደር ሆነው ለንደን ተቀመጡ። ከዚያ ሲመለሱ የፕላንና ልማት ሚኒስትርነትን ያዙ። በመጨረሻም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆኑ።

ይህን የሹመት ዝርዝር ለሚያነብ ሰው ሐዲስ ለሌላ ነገር ጊዜ የሚኖራቸው አይመስልም። ነገር ግን በዚያው የሥራ ዘመን መካከል መጻሕፍት ወጥተዋል። በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት» የተሰኘው የተረት መጽሐፍ ታተመ። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ «ፍቅር እስከ መቃብር» ለአንባቢ ደረሰ። አምባሳደሩ በባዕድ አገር ከተማ ሆነው በልባቸው ይዞሩ የነበረው በጎጃም አገር ነበር። ዋናው ሰው በዛብህ የተወለደው በማንኩሳ ነው። ማንኩሳን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ፣ ከቡሬም በጥሊሊ በኩል ወደ እንጅባራ የሚጓዝ ሁሉ ያውቃታል። የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ ልጅ በስለት ለቤተ ክርስቲያን መሰጠቱ፣ በዲማ መማሩ፣ ከፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ከሰብለ ወንጌል ጋር መዋደዱ፣ የጉዱ ካሳ ትችት፣ ገባሮቹ ያልተለመደ ግብር ሲጠየቁ እምቢ ማለታቸው፣ ይህ ሁሉ የእኛው አካባቢ ኑሮ ነው። አርሶ አደሩ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ብቻ አይታይም፤ ያስባል፣ ይመክራል፣ ያምጻል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሐዲስ ለሁለተኛው የሕይወት ዘመናቸው የሚሆነውን ዘር የዘሩት ገና በመጀመሪያው ዘመን መሆኑን ነው። ሹመቱ ሰፊ ቢሆንም ማሳውን ሁሉ አልያዘውም። ለራሳቸው የሚሆን ጥግ መሬት አስቀርተው ነበር።

የ1967 ዓ.ም. መስከረም

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ፤ ምክር ቤቱም ተበተነ። ሐዲስ በዚያን ጊዜ ስድሳ ዓመታቸውን አልፈው ነበር። የሥራ ዘመናቸው ያበቃው በሽኝት ዝግጅትና በምስክር ወረቀት አልነበረም፤ ሥርዓቱ ራሱ ሲፈርስ ነበር። ከጥቂት ወራት በፊት ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር እንደሚያስፈልጋት ሐሳባቸውን የገለጡበት መጽሐፍ በ1966 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር። አገሪቱ ግን በሌላ መንገድ ሄደች።

በዚያው ዓመት ኅዳር 14 ቀን ስድሳ ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹ የቀድሞው መንግሥት ከፍተኛ ባለሥልጣናት፣ ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ከእነርሱም መካከል በውጭ ጉዳይ ሥራ ለረጅም ዘመን የሐዲስ አለቃ የነበሩት የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ይገኙበታል። አብሮ የሠራ፣ አብሮ የመከረ፣ አብሮ ማዕድ የቆረሰ ሰው በአንድ ሌሊት ሲቀጠፍ መስማት ምን ዓይነት ኀዘን እንደሚጥል ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። የዛሬው ጡረተኛ ወንበሩን አጣሁ ብሎ ያዝናል፤ የዚያ ዘመን ሰው ከወንበሩ ጋር ወዳጆቹንም አጥቶ ነበር።

አዲሱ መንግሥት ለሐዲስ የጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ቦታ አቅርቦላቸው እንዳልተቀበሉት በሕይወት ታሪካቸው ሲነገር ይኖራል። ከሹመት ለወረደ ሰው ከሁሉ የሚከብደው ይህ ፈተና ነው። በር ዳግም ሲከፈት፣ ስምና ክብር ዳግም ሲቀርብ አይሆንም ማለት ቀላል አይደለም። ሐዲስ አይሆንም አሉ፤ ወደ ቤታቸውም ገቡ።

እዳሪው መሬት

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ከውጭ ሲታዩ ጸጥ ያሉ ናቸው። ከ1966ቱ መጽሐፍ በኋላ ቀጣዩ እስኪወጣ ስምንት ዓመት አለፈ። ከአደባባይ ርቀው በቤታቸው ተቀመጡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ክበበ ፀሐይ በላይ ቀድመዋቸው ዐርፈው ስለ ነበር የእርጅናው ዘመን የብቸኝነትም ዘመን ነበር።

ገበሬ ይህን ዝምታ ያውቀዋል። ተደጋግሞ የታረሰ መሬት እዳሪ ሲያድር ከሩቅ ለሚያየው የተተወ ይመስላል። ሣር ይበቅልበታል፤ ከብት ይውልበታል፤ ሰብል ግን የለውም። ከሥሩ ያለው አፈር ግን ሥራ ላይ ነው። የበሰበሰው ሣር፣ የወደቀው እበት፣ ትሉና ሥሩ አፈሩን መልሰው ያበረቱታል። በግብርና ትምህርት ቤት ስለ አፈር ለምነት የተማርነው፣ ከእኛ በፊት አባቶቻችን በልምድ የያዙት ነው። ችግር የሚመጣው ያደረውን መሬት ባለቤቱ ሲረሳው ነው፤ ያን ጊዜ አረሙ ይወርሰዋል።

ሐዲስ መሬታቸውን አልረሱትም። ሰባ ዓመት አልፏቸው በ1974 ዓ.ም. «ወንጀለኛው ዳኛ» ወጣ። ስድስት ዓመት ቆይተው፣ ወደ ሰማንያ ሲጠጉ፣ በ1980 ዓ.ም. «የልም እዣት» ተከተለ። ሰማንያን ከተሻገሩ በኋላ በ1985 ዓ.ም. «ትዝታ» የተባለው የሕይወት ማስታወሻቸው ታተመ፤ የጦርነቱንና የግዞቱን ዘመን ዳግም የተመለከቱበት ነው። ሲቆጠር ከረጃጅም ልብ ወለዶቻቸው አንዱ የሥራ ዘመናቸው ፍሬ ሲሆን፣ ሁለቱና «ትዝታ» ግን ከሹመት ከወረዱ በኋላ የተገኙ ናቸው። በወጣትነታቸው ባክኖ የቀረ የሚመስለው የደሴቱ ሰባት ዓመትም በእርጅናቸው ለአንባቢ የሚሆን ታሪክ ሆነ።

በዚህ ውስጥ ጥድፊያ አይታይም። በአንዱ መጽሐፍና በሌላው መካከል አምስት፣ ስድስት፣ ስምንት ዓመት ያልፋል። ሹመት የቀን ቀጠሮ አለው፤ ሪፖርቱ በዚህ ቀን፣ ስብሰባው በዚያ ሰዓት ይባላል። የጡረታ ዘመን ሥራ ግን የራሱ ወቅት አለው። ተክሉ ሲደርስ ይለቀማል።

በራዲዮ የተሰማው ድምፅ

በዚያው ባለሥልጣንነት በሌለበት ዘመን የሐዲስ ስም ከቀድሞው ይልቅ ርቆ ሄደ። በደርግ ዘመን ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ራዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ላይ ተረከው። መጽሐፉን ገዝቶ ለማንበብ አቅም ያልነበረው፣ ፊደል ያልቆጠረውም ጭምር፣ በባትሪ ራዲዮ ዙሪያ ተሰብስቦ አደመጠ። ጎጃም ላይ የተወለደው ታሪክ በወጋየሁ ድምፅ ወደ ጎጃም ቤቶች ተመለሰ። በየአገሩ በዛብህን እንደ ዘመድ ልጅ ያለቀሱለት አሉ፤ ጉዱ ካሳ የሚለው ስምም ለሚተችና ከሕዝብ ለተለየ ሰው መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

ደራሲው ያን ጊዜ ማኅተም የሌላቸው፣ ዘበኛ የማያቆሙ፣ ደብዳቤ የማይመሩ አዛውንት ነበሩ። ሚኒስትር ሳሉ ስማቸውን ያልሰማ አርሶ አደር ጡረተኛ ሳሉ ታሪካቸውን በጆሮው ሰማ። ስሙ ከወንበሩ ጋር ካልተቀበረ፣ ወንበሩ ሲወሰድ ሰውየው አይጎድልም ለሚለው አባባል ይህ ጥሩ ምስክር ነው።

ዘግይቶም ቢሆን ክብሩ መጣ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። ሐዲስ ዘጠና ዓመታቸውን አልፈው በኅዳር ወር 1996 ዓ.ም. ዐረፉ። ዛሬ በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው የተሰየመ የባህል ጥናት ተቋም አለ።

ለእኛ የሚቀረው

የሐዲስን ሕይወት ለዛሬ ጡረተኛ ምሳሌ ሲያደርጉ ልዩነቱን አለመሸሸግ ይገባል። እርሳቸው ከፍተኛ ትምህርትና ትልቅ ስም ነበራቸው። በዝቅተኛ ደመወዝ ኖሮ ጡረታ የወጣ ዘበኛ ወይም ተላላኪ፣ አበሉ እስከ ወሩ መጨረሻ የማይደርስለት፣ ቁጭ ብሎ መጽሐፍ ይጻፍ ማለት ቀልድ ነው። ለብዙው ሰው የጡረታ ጭንቀት የጊዜ መብዛት ብቻ ሳይሆን የገንዘብ ማነስም ነው። ስለዚህ ከሐዲስ የሚወሰደው ብዕሩ አይደለም።

የሚወሰደው ሌላ ነው። አንደኛው፣ ሰው በሥራ ላይ ሳለ ከሥራው ሌላ የሚወደውን ነገር ማሳደር እንዳለበት ነው። ስድሳ ዓመቱ ሲሞላ የሚጀምረውን ፍለጋ በአርባው ይጀምረው። በአዊ ይህ ሩቅ አይደለም። ከጓሮው ጥቂት የንብ ቀፎ ያኖረ መምህር፣ በደጋው የአፕል ችግኝ የተከለ የጤና ባለሙያ፣ ቀርከሃ የሚያሳድግ የቢሮ ሠራተኛ ጡረታ ሲወጣ ማልዶ የሚነሣበት ምክንያት አለው። ልጆችን ማስጠናት የሚወድ፣ በሽምግልና የሚታመን፣ የእድር መዝገብ በንጽሕና የሚይዝ ሰውም እንዲሁ ነው። ፈረስ የሚወድ የአገው ሰው ደግሞ የፈረሱን ነገር ለልጅ ልጁ ማስተማር አያጣም።

ሁለተኛው፣ የመጀመሪያዎቹን ጸጥ ያሉ ወራት እንደ ውድቀት አለመቁጠር ነው። ከሹመትና ከሥራ መለየት ኀዘን አለው፤ ኀዘኑም ጊዜ ይፈልጋል። ቤተሰብ ይህን ሊያውቅለት ይገባል። ትናንት ሰው ሲያስተዳድር የዋለ አባት ዛሬ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ቢነጫነጭ፣ ወይም ዝም ቢል፣ ሥራ ፈትቶ ሳይሆን ቦታውን እየፈለገ ሊሆን ይችላል። ምክሩን መጠየቅ፣ የሚያውቀውን እንዲያስተምር ዕድል መስጠት፣ ከቁም ነገር አለማግለል ትልቅ እርዳታ ነው።

ሦስተኛው፣ ያለፈውን ዘመን ትዝታ እንደ ሸክም ሳይሆን እንደ ሀብት መያዝ ነው። በዞናችን በረግረግና በዳገት በበቅሎ እየተጓዙ ትምህርት ቤት የከፈቱ፣ ክትባት ያደረሱ፣ የመጀመሪያውን ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው ያስተዋወቁ ሰዎች ዛሬ ጡረተኞች ናቸው። የሚያውቁትን ጠይቆ የሚጽፍላቸው ከተገኘ ለወረዳው ታሪክ፣ ለተማሪው መማሪያ ይሆናል። ካልተገኘ ግን አብሯቸው ወደ መቃብር ይወርዳል።

ጡረታ የሚለው ቃል ከመጦር የመጣ ነው። ደካማን መደገፍ፣ ሽማግሌን መንከባከብ ማለት ነው። አበሉ የዚህ አንዱ ክፍል ነው። ሌላው ክፍል ግን በመሥሪያ ቤቶች፣ በቤተሰብና በጎረቤት እጅ ነው። ጡረተኛውም በበኩሉ የሐዲስን ዕድሜ ቆጥሮ ማሰብ ይገባዋል። እርሳቸው ከሹመት ሲወርዱ ገና ሃያ ዘጠኝ ዓመት፣ ሁለት ታላላቅ ልብ ወለዶችና አንድ የሕይወት ማስታወሻ ይጠብቃቸው ነበር።